አፈር የሚነፈገውና የሚጫንበት

በኢትዮጵያ ስለ መሬት መጎዳት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ጎርፍ የሚያጥበው አፈር ነው። ይሁን እንጂ ጎርፍ የጉዳቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሰው መሬትን የሚያዳክመው ሊመለስለት የሚገባውን በመንፈግና ሊሸከመው የማይችለውን በመጫን ሲሆን፣ ገጠሩ በመጀመሪያው፣ ከተማው ደግሞ በሁለተኛው ይበልጥ ይታወቃል። ከማሳ የወጣው እህልና አትክልት ወደ ከተማ ይገባል፤ ትርፍራፊው ግን ወደ ማሳው አይመለስም፤ ከባትሪ ድንጋይ፣ ከፌስታልና ከፋብሪካ ዝቃጭ ጋር ተቀላቅሎ ሌላ መሬት ያበላሻል።

አፈር ከደቀቀ ድንጋይ፣ ከበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት፣ ከአየርና ከውሃ የተገኘ፣ በዓይን የማይታዩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩበት ስስ ሽፋን ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለመፈጠር እንደ አየር ንብረቱና እንደ ድንጋዩ ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉታል። በአንጻሩ ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ጣቢያዎች ዝናቡን፣ ጎርፉንና ደለሉን ሲለኩ ቆይተው ያወጡት ግምት፣ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ያሳያል። ይህም ከመሬቱ ገጽ ላይ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ንጣፍ በየዓመቱ እንደ መግፈፍ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት የገበሬው ስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትጋቱ ነው። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ማሳው እስከ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ መለስለስ አለበት፤ የሚዘራውም በአብዛኛው በሐምሌ፣ ዝናቡ ከሁሉ በሚበረታበት ወር በመሆኑ፣ የላላው አፈር ሽፋን ሳይኖረው ከባዱን ዶፍ ይቀበላል። ገበሬው ውሃው ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስድበት ማሳውን የሚያቋርጥ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የዚያን ዓመት ዘር ያድናል፤ ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ግን ከክረምት ክረምት እየጠለቀ ከብት የማያሻግር ቦረቦር እስከ መሆን ይደርሳል። የተጠረገው አፈር የቆቃን ግድብና የጎንደር ከተማን የሚያጠጣውን የአንገረብን ግድብ በደለል አጣቧል። ኮንሶዎች በድንጋይ ካብ እርከን እየሠሩ ተዳፋቱን ለዘመናት ጠብቀው ማረሳቸው፣ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ፣ ቁልቁለት ላይ ማረስ ሁሉ በጥፋት የሚያበቃ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በጎርፍ ያልተወሰደው አፈርም ቢሆን ምግቡን ይነፈጋል። እንጨት በጠፋበት አካባቢ እበት በእጅ ተጠፍጥፎና ፀሐይ ላይ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ለማገዶና ለአጥር ይሰበሰባል፤ ጭድ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ይውላል። ኩበት ሲነድ ሰብል አጥብቆ የሚፈልገው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ቢቀሩም፣ አመዱ የሚደፋው ከቤቱ አጠገብ እንጂ ሩቅ ካለው ማሳ ላይ አይደለም። ለዚህም ነው በብዙ መንደሮች ጓሮው ጎመንና ጌሾ እያበቀለ ሲለመልም የሩቁ ማሳ ከዓመት ዓመት የሚከሳው። ብስባሹን ያጣ አፈር የሚጎድለው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የመያዝ አቅሙም ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ ለሰብል ይበቃ የነበረው ዝናብ በላዩ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ሰዎችም ድርቅ መጣ ይላሉ። ሌላ ማገዶ ሳይቀርብለት ኩበት የሚያነደውን ቤተሰብ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ምክንያቱም የዛሬው ራት ካልበሰለ ስለ ከርሞው መኸር ማሰብ አይቻልም።

ሌላው ጉዳት በዓይን የማይታየው የአፈር አሲዳማነት ነው። አሲዳማነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባል ከ0 እስከ 14 በሚደርስ መለኪያ ሲሆን፣ 7 ገለልተኛውን ያመለክታል፤ ቁጥሩ ከዚያ ባነሰ መጠን አፈሩ ይኮመጥጣል። ከ5.5 በታች ሲወርድ በማዕድን ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፎረስም ተክሉ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይታሰራል፤ በመሆኑም ገበሬው በብድር ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ አጠገቡ እያለ ሰብሉ ይራባል። ብዙ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አጥቦ ስለሚያወርድ ችግሩ በከፊል የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ምርቱንም ቅሪቱንም በየዓመቱ ከማሳ ጠርጎ ማንሣትና የአፈሩን ጠባይ ሳይመረምሩ እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎችን ብቻ ደጋግሞ መጠቀም ያፋጥነዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬዎች ገብስና ስንዴ ያበቅል በነበረው መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል ወደ ማክሰል የገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው የአፈሩ መኮምጠጥ ነው። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ስለሚያስገባ መሬቱን ያሳርፋል፤ ለገበሬውም ገንዘብ ያስገኛል። ሆኖም ለእህል የነበረ መሬት ወደ ከሰል የዞረው እህሉ እንቢ ስላለ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የታወቀው መድኃኒት የተፈጨ ኖራ መበተን ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ፣ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ገበሬውን ያስጨንቃል። ኖራን እንደ ማዳበሪያ ሁሉ በወቅቱ ለገበሬው ማድረስ የመንግሥት ዋና ሥራ ሊሆን ይገባል።

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ የጉዳቱ መልክ ሌላ ነው። ለጥጥ እርሻ የተለቀቀው የመስኖ ውሃ በቂ ማንጣፈፊያ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው፤ ውሃው በበረሃው ፀሐይ ሲተን ይዞት የመጣውን ጨው ገጹ ላይ ጥሎ ሄደ፤ ሰፊ መሬትም ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከእርሻ ውጭ ሆነ።

የከተማው ጫና ይበልጥ የሚታየው በአዲስ አበባ ነው። ቆሼ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የዋና ከተማዋን ደረቅ ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ሥፍራ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ በመሆኑ ለብቻው ቢለይ ኮምፖስት፣ ማለትም የበሰበሰ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ይወጣው ነበር። ሳይለይ ሲከመር ግን በውስጡ የሚሰርገው ዝናብ የባትሪ ድንጋይን፣ የቀለምንና የጋራዥ ቃጠሎ ዘይትን መርዝ እያሟሟ ወደ ታች ይወርዳል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቆሻሻ እያቃጠለ ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ጣቢያ ክምሩን ለመቀነስ የታሰበ ቢሆንም፣ ልጣጭን ማቃጠል ኩበትን ከማንደድ አይለይም፤ ናይትሮጅኑ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ከአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ይለማሉ፤ ውሃው የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም የተባለውን ብረት ይጠቀማሉ፤ ከሌሎች ምንጮችም እርሳስና ካድሚየም ይመጣሉ። እነዚህ ከባድ ብረቶች የሚባሉት እንደ ልጣጭ አይበሰብሱም፣ እንደ ጨው በቀላሉ ታጥበው አይሄዱም፤ አፈሩ ውስጥ ይጠራቀማሉ። በተለይ ካድሚየምን ቅጠላ ቅጠል በቀላሉ ስለሚስበው፣ ቆስጣው ለምለም ሆኖ በገበያ ሲታይ በውስጡ ያለውን ማንም ገዢ በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ጥፋተኛውም ሌላ መሬት የሌለው አትክልተኛ ሳይሆን ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቀው ድርጅትና ዝም ብሎ የሚያየው ተቆጣጣሪ ነው።

ቀጭን ፌስታልን የከለከለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላም ፌስታል በየማሳው ተቀብሮ ውሃ እንዳይሰርግና ሥር እንዳይዘረጋ ሲያግድ፣ የዋጡትንም ከብቶች ሲገድል ኖሯል። ስለዚህ ሕግ ከማውጣት ይልቅ ማስፈጸሙ ላይ መበርታት ያስፈልጋል። ማዘጋጃ ቤቶች የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይተው የሚያነሡበትን አሠራር ይዘርጉ፤ ኮምፖስቱም ለአካባቢው ገበሬ ይድረስ። እስከዚያው አንባቢ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፦ ልጣጩን በአንድ ዕቃ፣ ባትሪ ድንጋዩንና ፌስታሉን በሌላ ዕቃ ያስቀምጥ፤ ጓሮ ያለው ደግሞ ልጣጩን እዚያው ጉድጓድ ቆፍሮ ያበስብስ።