ከቅዠት ሕክምና ደጅ የቆዩት

ቅዠትን ራሱን ለይቶ ማከም በሕክምናው ዓለም ዕድሜው አጭር ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወይም ተገዶ የተደፈረ ሰው ሌሊት እየጮኸ ሲባንን፣ ዋናው ሕመም ሲሻለው ቅዠቱም አብሮ ይለቀዋል ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1978 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም አይዛክ ማርክስ፣ ለዓመታት አንድ ቅዠት ሲመላለስባት የኖረች ታካሚ ነቅታ ሳለች ቅዠቱን ደጋግማ በመተረክና ፍጻሜውን በመለወጥ እንደተሻላት ጻፈ። ታካሚዋ አንድ ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ግን ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ነገሩን ሥርዓት አስያዙት። ታካሚው አንድ ቅዠት ይመርጣል፤ ለጀማሪ ከሁሉ የከፋው አይመከርም። ከዚያ ደስ እንዳለው ይለውጠዋል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በዐይነ ኅሊናው ይመላለስበታል። የደረሰበትን መከራ እንዲዘረዝር አይገደድም፤ የምስል ልምምድ የሚባለው የዚህ ሕክምና ትልቁ ጸጋ ይህ ይመስለኛል። በ2001 ጾታዊ ጥቃት በደረሰባቸው 168 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናታቸው ሲወጣ፣ የሠለጠኑት ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ቅዠታቸው ቀንሶ፣ እንቅልፋቸው ተሻሽሎ ተገኘ። የቱልሳ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዴቪስ በበኩሏ ሌላ መንገድ መረጠች፦ ቅዠቱን መጻፍ፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ ጡንቻን ማፍታታት፣ የመኝታ ልማድን ማስተካከል፣ ከዚያ ታሪኩን እንደገና መጻፍ። የእርሷና የዴቪድ ራይት ሙከራ በ2007 ታተመ።

ሁሉም አልሠመረም። በ2010 የወጣ ጥናት የምስል ልምምድ ለቬትናም ጦርነት አርበኞች ከተነጻጸረበት ሌላ ሥልጠና ብልጫ እንደሌለው አሳየ። ብዙ ተስፋ የተጣለበት የደም ግፊት መድኃኒት ፕራዞሲንም በ2018 በ304 አርበኞች ላይ ተፈትኖ ከባዶ ክኒን አልተሻለም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ የምስል ልምምድን የሚመከር ሕክምና አድርጎ ሲያጸና፣ ፕራዞሲንን ግን «ሊሞከር ይችላል» ወደሚለው ረድፍ አወረደው።

በዚህ ሁሉ መካከል ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የት ነበሩ? በአብዛኛው ውጭ። ከባድ መከራ ያለፈባቸው ከመካከላቸው ብዙ ናቸው፤ ሆኖም በርካታ ሙከራዎች «ባይፖላር ያለበት አይገባም» የሚል መስፈርት ነበራቸው። ፍርሃቱ መሠረት አልባ አይደለም። ቶማስ ዌርና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳመለከቱት፣ የእንቅልፍ ማጣት ሰውን ወደ ማኒያ፣ ማለትም ልክ ወዳለፈው የስሜት ከፍታ፣ ሊገፋው ይችላል። አስፈሪ ትዝታን ጻፍ፣ አንብብ የሚል ሕክምና ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ቢያሳጣስ?

እኔ ግን ስሌቱ ተገልብጦ የተሠራ ይመስለኛል። ቅዠት የሚያሠቃየው ሰው አልጋውን ይፈራል፤ መብራት አብርቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ሲባንን ደግሞ መልሶ አይተኛም። ሐኪሞች በሕክምናው ሰበብ ይመጣል ብለው የፈሩት እንቅልፍ ማጣት ያለ ሕክምናው በየሌሊቱ እየደረሰ ነው።

ይህን ፍርሃት ከሚያላሉት ማስረጃዎች ጠንካራው የመጣው ከቅዠት ጥናት ሳይሆን ከጎረቤቱ ነው። የበርክሌይዋ አሊሰን ሃርቪ በ2015 ለባይፖላር ታካሚዎች የተስተካከለ የእንቅልፍ ማጣት ሕክምና በ58 ሰዎች ላይ ሞከረች። በአልጋ ላይ የሚቆዩበት ሰዓት ከመጠን በላይ እንዳያጥር ገደብ ተበጀለት። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወደ ማኒያ ወይም ቀለል ወዳለው አቻው የተመለሱት ሕክምናውን ካገኙት 4.6 በመቶ፣ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 31.6 በመቶ ነበሩ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም።

ባይፖላር ላለበት አዋቂ የቅዠት ሕክምናን አስተካክሎ የመሞከሩ ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ እስካሁንም የሚካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። አሠራሩ ለመገመት አይከብድም፦ የስሜት ማረጋጊያው ሳይቋረጥ፣ ስሜቱ ረጋ ባለበት ወቅት መጀመር፤ የእንቅልፍና የስሜት መዝገብ በየቀኑ መያዝ፤ ታካሚው እንቅልፍ ሳይተኛ የማይደክመው ከሆነ፣ ንግግሩም ከፈጠነ፣ ቅዠቱን መጻፉን ለጊዜው ትቶ ወደ ሐኪሙ መላክ።