መኝታ ቤት የሚባለው የትኛው ክፍል ነው?

ነጋዴ ጨርቅ ሲገዛ ይለካል፤ ቡና ሲረከብ ናሙናውን አይቶ ደረጃውን ይጠይቃል። ቤት ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ «ባለ ሦስት መኝታ ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ ብቻ ዋጋ ይቈርጣል። ከአንድ ጭነት ጨርቅ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ንብረት ከጨርቁ ባነሰ ጥንቃቄ ይገዛል ማለት ነው።

የድሬዳዋ ቤቶች ዐይነታቸው ብዙ ስለ ኾነ ነገሩን ያከብደዋል። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ከተማይቱ በልዩ ልዩ አሠራር ተሠርታለች። በከዚራ ቀጥ ባሉት መንገዶች ዳር በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ደግሞ ክፍሎቹ ግቢውን ከበው የተሠሩ ናቸው፤ የኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ሦስተኛ ዐይነት ነው። በሙቀቱ ወራትም አልጋውን አውጥቶ በግቢ ወይም በበረንዳ የሚያድር ሰው አለ። ሰው ያደረበት ሁሉ መኝታ ቤት ከተባለ በረንዳውም ሊቈጠር ነው።

ለምሳሌ አንድ ሻጭ ቤቱን ባለ አራት መኝታ ነው ብሎ ለደላላ ነገረ እንበል። ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ ቍልፉን ከተረከበ በኋላ ቢቈጥር፥ በትልቁ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ያላቸው ክፍሎች ሁለት ብቻ ኾነው ይገኛሉ። ሦስተኛው ከሳሎኑ በቺፑድ ተከፍሎ የተገኘ፥ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። አራተኛው በጓሮ ያለው ሰርቪስ ነው። ሻጩ «አልጋ ይገባባቸዋል» ይላል፤ ገዥው «ተታለልሁ» ይላል። ሁለቱም በቅን ልቡና ሊናገሩ ይችላሉ፤ አስቀድሞ ያልተስማሙበት ነገር ቢኖር የቃሉ ትርጓሜ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሽያጭ በሚናገርበት ስፍራ፥ መኝታ ቤት ማለት ይህን ያህል ካሬ ሜትር ያለው ክፍል ነው ብሎ አልወሰነም። ይኹን እንጂ ገዥውን ያለ መከታ አልተወውም። በቍጥር 2877 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የዕቃ ሽያጭ ደንቦችም ለቤት ሽያጭ ያገለግላሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ቍጥር 2287 ሻጩ ያስረከበው ነገር ከውሉ ጋራ የተስማማ እንዲኾን ያስገድደዋል። ተንኰል ለተፈጸመበት ሰው ደግሞ ቍጥር 1704 ውሉን ለማፍረስ መንገድ ይሰጠዋል። በአንጻሩ ሕጉ ገዥው የተረከበውን እንዲመረምርና ጕድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል፤ በዐይኑ አይቶ የተቀበለውን ግልጽ ጕድለት በኋላ ቢከስስበት አይረዳውም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ በዳኛ ፊት የሚቀርበው ውሉ ነው። ውሉ «አንድ መኖሪያ ቤት ከነግቢው» ብቻ የሚል ከኾነ የመኝታዎቹን ቍጥር ማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ነው።

በውጭ አገር ነገሩ በቍጥር ተወስኖ ይገኛል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በሚከተሉት የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ አንድ የመኖሪያ ክፍል ከ6.5 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ለመኝታም የሚኾነው ክፍል በእሳት ጊዜ ሰው የሚያመልጥበት ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። ቁም ሣጥን ግን በደንቡ ግዴታ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው የጋራ ኪራይ ቤቶች ውስጥ ለአንድ ዐዋቂ መኝታ 6.51፥ ለሁለት 10.22 ካሬ ሜትር ወስኗል። የነዚህ ደንቦች ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተኝቶ ያለ ሰው አየር ያስፈልገዋል፥ አደጋም ሲመጣ መውጫ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ቤት የሚገዛ ነጋዴ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሜትር ይዞ ይግባ። የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ስፋት፥ መስኮቱንና በሩን ይመዝግብ። ሰርቪሱን፥ ዕቃ ቤቱንና በኋላ የተከፈለውን ክፍል ለየብቻ ይጻፍ። ካርታውንና የግንባታ ፈቃድ ያገኘውን ፕላን በመሬት ካለው ጋራ ያስተያይ፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ቢኖር ችግሩ ከቤቱ ጋራ ወደ ገዥው መሻገሩ አይቀርም። ቤቱን ነገ ለባንክ ብድር መያዣ ሊያደርገው ቢያስብ፥ ገማቹ የሚመለከተው ደላላው የተናገረውን ሳይኾን የቆመውን ቤትና ሰነዱን ነው።

ሻጩም ከዚህ ጥንቃቄ ተጠቃሚ ነው። «ሁለት መኝታ፥ አንድ መስኮት የሌለው ክፍል፥ አንድ ሰርቪስ» ብሎ በውሉ ያስጻፈ ሰው ምናልባት ጥቂት ብር ይቀርበት ይኾናል፤ ነገር ግን የተቀበለውን ገንዘብ ያለ ሥጋት በንግዱ ላይ ያውለዋል። በሚዛንና በሜትር መታመን የነጋዴ ክብር እንደ ኾነ ሁሉ፥ በክፍል ቈጠራም መታመን እንዲሁ ነው።