ሆሄ፣ የኮድ ቍጥርና ባይት፤ ስለ መልእክት «ርዝመት» አተረጓጐም

የኮምፒዩተር መጻሕፍትን ወደ ዐማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ «ርዝመት» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ይሁንና የሚቈጠረው ነገር ተለይቶ ካልተነገረ፣ ቃሉ አንባቢን ከማሳሳት አልፎ መልእክቱን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ በምሳሌ አስረድተን የስያሜ ሐሳብ እናቀርባለን።

በመርካቶ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለ የአንድ ጨርቅ መደብር ጸሐፊ፣ የመደብሩ ባለቤት ዕቃው እንዲላክ አለማዘዛቸውን ለመጋዘን ጠባቂው ለመግለጽ «ላክ አላሉም» ብሎ በስልክ ጻፈ እንበል። በዐይን ሲቈጠር ስድስት ሆሄና አንድ ባዶ ቦታ፣ በድምሩ 7 ነው። ኮምፒዩተር ግን የሚያስቀምጠው ሆሄን ሳይሆን ቍጥርን ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለፊደላችን ሆሄያት የየራሳቸውን ቍጥር ሰጥቷል። ይህ ቍጥር ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አመዘጋገብ ሲቀመጥ፣ በምሳሌያችን ያለው እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት፣ ባዶው ቦታ 1 ባይት ይይዛል። መልእክቱም 19 ባይት ይሆናል።

የላኪው ፕሮግራም በፓይተን 3 ወይም በጃቫ ቢጻፍ፣ የተለመደው የርዝመት መጠየቂያ 7 ብሎ ይመልሳል፤ የተቀባዩ ጎ በተባለው ቋንቋ ቢጻፍ 19 ይላል። ሁሉም እንደየደንባቸው ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው ላኪው በመልእክቱ ራስጌ «ርዝመት 7» ሲል፣ ተቀባዩ ቍጥሩን የባይት አድርጎ የተረዳው እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ተቀባዩ 7 ባይት ብቻ አንሥቶ ይቆማል፤ ይኸውም ሁለት ሆሄና ባዶው ቦታ ነው። የመጋዘን ጠባቂው የሚያነበው «ላክ» የሚለውን ብቻ ይሆናል። ያልታዘዘው ታዘዘ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት በመሆኑ ሁለቱ ቈጠራዎች ይገጥሙ ነበር፤ ጉድለቱ በእንግሊዝኛ ሲፈተሽ የማይገኘውም ስለዚህ ነው።

ፓይተንና ጃቫም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት 28 ሆሄያት ቍጥራቸው ከ65,535 በላይ ነው። ጃቫ የሚቈጥረው በባለ ሁለት ባይት ክፍል ስለሆነ እያንዳንዳቸውን 2 ይላቸዋል፤ ፓይተን 1፣ ጎ ደግሞ 4 ይላል። የጉራጌ ነጋዴ በበዛበት መርካቶ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ በዐይኑ የሚያየው «ሆሄ»፣ የኮድ ሥርዓቱ የሚሰጠው መለያ «የኮድ ቍጥር»፣ የማስቀመጫው መስፈሪያ «ባይት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ፊደል» አንዱንም ሆሄ፣ ገበታውንም በሙሉ ስለሚያመለክት ለመለኪያነት አይበጅም። ተርጓሚም «ርዝመት» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ «ርዝመት በባይት» ወይም «ርዝመት በኮድ ቍጥር» እያለ መለኪያውን ይግለጥ። የተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ሻጭ እንኳ «አምስት ስጠኝ» ሲሉት፣ ሜትር ነው ወይስ ጣቃ ብሎ ሳይጠይቅ መቀሱን አያነሣም።