ከመርሳ ቆላ እስከ ድልብ ዳገት፦ ፍሬን፣ ራዲያተርና ጎማ የሚፈተኑበት መንገድ

ወልድያ፦ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ዋና አስፋልት ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ቁልቁል ሲወርድ የሀብሩ ወረዳን ያገኛል። መርሳንና ሲሪንቃን አቋርጦም ወልድያ ይገባል። ወልድያ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቆቦ ሜዳ ሲቀጥል፣ የአካባቢው ሰው "የቻይና መንገድ" የሚለው ሌላው ደግሞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና ይወጣል፤ በደብረ ታቦር አድርጎም ወረታ ይደርሳል።

በመርሳ ሙቀት ማንጎ ወይም ሽንኩርት ጭኖ ማለዳ የተነሳ አሽከርካሪ ገና ቀትር ሳይሆን የላስታን ደጋ ብርድ ሊያገኘው ይችላል። ተሽከርካሪው በአንድ ቀን ሁለት ፈተና ይቀርብለታል፤ ሲወጣ ሞተሩ፣ ሲወርድ ፍሬኑ ይፈተናል። በሜዳ ላይ ለዓመት ምልክት ሳያሳይ የቆየ ጉድለት እዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገለጣል። የሚያሳዝነው ግን ከእነዚህ ጉድለቶች አብዛኞቹ ተሽከርካሪው ቆሞ ሳለ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ ሊታወቁ የሚችሉ መሆናቸው ነው።

የቁልቁለቱን ነገር በቁጥር ማየት ይረዳል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን አይሱዙ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከድልብ በላይ ካለው ደጋ ወደ ወልድያ የሚያወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከ500 ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ኃይል ጥቂቱን የጎማና የነፋስ ግጭት ቢወስደውም፣ አሽከርካሪው ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ከያዘ ቀሪው በሙሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይከዳዋል፤ ፔዳሉ ይረገጣል፣ ተሽከርካሪው ግን አይዘገይም። ብዙ ጊዜ "ፍሬን እምቢ አለው" የሚባለው ይህ ነው። ፍሬኑ የተበላሸው በዚያች ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ኪሎ ሜትሮች ነው።

ጉዳዩን የሚያባብሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽን ነፃ አድርጎ የመልቀቅ ልማድ ነው። ልማዱ ሥር የሰደደ ቢሆንም የቆመበት ሐሳብ ስሕተት ነው። በዘመናዊ መርፌ ነዳጅ የሚረጩ የቤንዚን ሞተሮችም ሆኑ የናፍጣ ሞተሮች፣ ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ የነዳጁ አቅርቦት ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። ማርሹ ነፃ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በነፃ ማርሽ የሚወርደው አሽከርካሪ ነዳጁን አልቆጠበም፤ በማርሽ ከሚወርደው ይልቅ ያባክናል፣ ሞተሩ ይሰጠው የነበረውን የማዘግየት እገዛም ያጣል። ሞተሩን አጥፍቶ መልቀቅ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ መሪውን የሚያቀልለውና ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ ጋር ይጠፋል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ትክክለኛው አወራረድ የቆየና ቀላል ነው፤ ዳገቱን ባወጣው ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ጭነቱ ከበድ ካለ ከዚያም አንድ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ማርሹ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል፣ በዚያ ሙከራ መሐልም ተሽከርካሪው በነፃ ይሮጣል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው የቤት መኪኖች በማርሽ መያዣው ላይ "ኤል" ወይም "2" የሚል ምልክት የተደረገላቸው ለዚሁ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ያለማቋረጥ በስሱ እየተረገጠ መቆየት የለበትም። በርታ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ እንዲቀዘቅዝ ፋታ መስጠት ይሻላል። የጭስ ማውጫውን በመዝጋት ሞተሩን የሚያዘገይ ፍሬን የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱ ላይ ሊጠቀሙበት እንጂ ተበላሽቶ ለዓመታት ሊረሱት አይገባም።

ፍሬን ከመክዳቱ በፊት ይናገራል። የሚቃጠል ጨርቅ የመሰለ ሽታ፣ ከጎማ አካባቢ የሚወጣ ጭስ፣ ቀድሞ ከሚይዝበት ቦታ ይልቅ ወደ ታች የሚዘልቅ ወይም ስፖንጅ የሚመስል ፔዳል፣ ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መሪ፣ ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዞው ይቁም። ተሳፋሪም ሽታውን ለሾፌሩ መንገሩ ነውር አይደለም።

ብዙ ባለንብረቶች የማያስታውሱት የፍሬን ዘይትን ዕድሜ ነው። ይህ ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በጣሳው ላይ "ዶት 3" የሚል የተጻፈበት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። "ዶት 4" ከ230 ዲግሪ ተነስቶ ወደ 155 ይወርዳል። በፈላ ዘይት ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ በእግር ግፊት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶውን ወለሉ ድረስ ይወርዳል። መጠኑ ሳይጎድል እንኳ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ጎደለ ተብሎ በምትኩ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ የፍሬኑን ጎማ ነክ ክፍሎች አሳብጦ ያበላሻል፤ አንድ ጊዜ ከተደረገ መላው መስመር ታጥቦ መታደስ ይኖርበታል። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ከመነሳታቸው በፊት የአየር መለኪያው መሙላቱን ማየት፣ በአየር ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃም በየዕለቱ ማፍሰስ ግድ ነው።

ፍሬኑ በጉዞ ላይ ከከዳ ሞተሩ አይጠፋም። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ አንዳንድ ጊዜ ግፊቱን ይመልሳል። ማርሹን ደረጃ በደረጃ ማውረድ፣ የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሳብ፣ ጥሩምባና መብራት ለሌሎች ማሳየት ቀጥሎ ይመጣል። ሌላ መፍትሔ ከጠፋ ተሽከርካሪው ከገደሉ ጎን ርቆ በተራራው በኩል ካለው አፈር ጋር እየተሻሸ እንዲቆም ማድረግ ሕይወት ያተርፋል። ከቆመ በኋላ በጋለው ጎማና ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር አረፍ ብሎ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም። የተበላሸ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ለምልክትም ቅርንጫፍ ተቆርጦ አስፋልቱ ላይ ይጣላል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ማታ ለሚመጣው ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያ ድንጋይ ወጥመድ ነው። አንፀባራቂ ሦስት ማዕዘን ምልክት መያዝ፣ ድንጋዩንም አንስቶ መሄድ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ወደ ዳገቱ ሲመጣ ተራው የሞተሩ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2 ሺህ ሜትር ላይ በ93፣ 3 ሺህ ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ በሜዳው ላይ ደህና የነበረ መኪና የድልብን ዳገት ሳይጨርስ ያፈላል። ክዳኑ በዋጋ ከትንንሾቹ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ የሚያስከትለው የቴስታታ መጣመም ግን የአንድ ወቅት የሽንኩርት ገቢ ሊበላ ይችላል። የቱቦዎቹ መለስለስ፣ የቺንጊያው መላላትና መሰንጠቅም አብሮ ይታይ።

የሙቀት መለኪያው ሲያሻቅብ መቆም እንጂ "ጫፍ ላይ ልድረስ" ማለት ሞተርን መሸጥ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን በጭራሽ አይከፈትም፤ የሚፈናጠረው ትኩስ ውኃና እንፋሎት ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ክዳኑ በእጅ የሚያዝ ሲሆን ብቻ በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት ይቻላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ለጭንቅ ጊዜ ይሆናል እንጂ ደለሉና ማዕድኑ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ለዚሁ የተዘጋጀው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዝገትን ይከላከላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ለሚያድር መኪናም በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ይረዳል።

የሞተር ዘይትን መመልከት አንድ ደቂቃ ይወስዳል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከደቂቃዎች በኋላ መለኪያ ዘንጉ ተጠርጎ ተመልሶ ይገባና ይወጣል፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። መልኩ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ያ መኪና ወደ መካኒክ እንጂ ወደ መንገድ አይሄድም።

ጎማን በተመለከተ የሚታየው ስሕተት ከሁሉ ይበዛል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይታጠፋል፣ በመታጠፉም ይሞቃል። በመርሳና በውርጌሳ የቀትር ሙቀት፣ ጭነት ተጨምሮበት፣ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ነፋስ የበዛበት ሳይሆን ነፋስ ያነሰው ጎማ ነው። ልኩ የሚታየው ጎማው ሳይሞቅ ጧት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥርም በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ባለው ጽሑፍ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነውና ጎሚስታው በእርሱ ልክ ይሙላ ማለት ስሕተት ነው። በጉዞ ላይ የጋለን ጎማ "ጠንክሯል" ብሎ ማስተንፈስም እንዲሁ፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ የጥርሱን ጥልቀት ብቻ አይይ። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኀዞች አሉ። "2319" የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም በ23ኛው ሳምንት ነው። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራሉ፤ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞም ያረጃል። በጥርሶቹ መካከል ከፍ ብለው የሚታዩት ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ ደግሞ የክረምት ዝናብ ሳይመጣ መቀየር አለበት። መጠባበቂያውም ጎማ ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም እንደሚሠራ ማየት የሚገባው ከቤት ሳይወጣ ነው።

በወልድያና በመርሳ ከተሞች ውስጥ የብዙው ሰው እግር ባጃጅ ነው። ሦስት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ለመገልበጥ ቅርብ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን የሚጫን ትርፍ ሰው ሚዛኑን ከማዛባቱም በላይ መሪው እንደ ልብ እንዳይዞር ያደርጋል። የኋላ መብራቱ የጠፋ ባጃጅ ማታ ከከተማ ወጥቶ ዋናውን አስፋልት ሲይዝ ለሚከተለው ከባድ መኪና የለም ማለት ይቻላል። አንድ አምፖል ይህን ይለውጠዋል።

ተሽከርካሪ የሌለው አርሶ አደርም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ሾፌሩ አይቶ እስኪረግጥና መኪናው እስኪቆም በደረቅ አስፋልት 60 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 20 ሜትር ይበቃዋል። ከብት ወይም ግመል የሚነዳ ሰው መንገድ የሚያቋርጥበትን ቦታ ከኩርባ ርቆ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ርቆ በሚታይበት ስፍራ መምረጡ፣ ሲመሽም ባትሪ መያዙ ይህን ርቀት ለሾፌሩ መስጠት ነው። ከጭነት በላይ ተቀምጦ ወደ ገበያ መሄድ ግን ምንም ዓይነት የሾፌር ብቃት የማያስተካክለው አደጋ ነው፤ መኪናው ባይገለበጥ እንኳ ድንገተኛ ፍሬን ብቻውን ሰውን ያወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ በዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚሞቱ፣ የደህንነት ቀበቶ ደግሞ የተሳፋሪን የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይገልጻል። በሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶውን ለትራፊክ ፖሊስ ሲል ይዞ ኬላውን ሲያልፍ የሚለቅቀው ከሆነ ቀበቶው የጠበቀው ከቅጣት ብቻ ነው።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ፣ በተለምዶ ቦሎ የሚባለው፣ ከላይ የተነሱት ጉድለቶች በባለሙያ የሚታዩበት አጋጣሚ ነው። ሳይመረመር የተለጠፈ ወረቀት ቁልቁለት ላይ አይረዳም። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ በአደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም አዋጁ ይደነግጋል። የመድኑ ምልክት በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ የሚያበቃበት ቀን ስለሚጻፍበትም መነኻሪያ ላይ ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ተሳፋሪ ከመሳፈሩ በፊት ቀና ብሎ ሊያነበው ይችላል።