ስላይድ ለውሳኔ እንዲያግዝ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ በደባርቅ በሚካሄዱ የግምገማ መድረኮች የሥራ ሪፖርትን በፕሮጀክተር አስደግፎ ማቅረብ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ይሁን እንጂ በደቃቅ ጽሑፍ የተጨናነቀ ስላይድ ተደርድሮ አቅራቢው ከላይ እስከ ታች ሲያነበው፣ ተሰብሳቢው ማንበብንና ማዳመጥን በአንድ ጊዜ ማከናወን ስለሚያዳግተው ዋናው መልዕክት ሳይጨበጥ ይቀራል። ውሳኔ የሚሻው ጉዳይም ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ሊተላለፍ ይችላል።

ችግሩ ከመሰልቸት ያለፈ መዘዝ እንዳለው የሚያሳይ አብነት ከጠፈር ምርምር ታሪክ ይገኛል። እ.ኤ.አ በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ጠፈርተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አደጋውን ያጣራው ቦርድ በበረራው ወቅት ለኃላፊዎች ከቀረቡት ስላይዶች አንዱን ነቅሶ ተችቷል። መንኮራኩሯን የመታው ስባሪ ቀደም ሲል በሙከራ ከተፈተሸው እጅግ የሚበልጥ መሆኑ የተገለጸው በስላይዱ ግርጌ በንዑስ ነጥቦች መካከል ሲሆን፣ ርዕሱ ግን የሚያረጋጋ ነበር።

መልዕክትን በሥዕል አጉልቶ ማሳየት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ማንበብ ለማይችለው ምዕመን ጭምር የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በዚህ የአሣሣል ትውፊት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ምልክቱ ስለማይለዋወጥ ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይለያቸዋል። በስላይድም አንድ ቀለም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ትርጉም ብቻ ሊሰጠው ይገባል።

የስላይድ ርዕስ መደምደሚያውን የሚናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ለአብነት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ ከመዝገቡ የወጣውም በ2017 ነው። ይህንኑ ለምክር ቤት የሚያስረዳ ባለሙያ ሦስቱን ዓመታት በአንድ አግድም መስመር ላይ አስፍሮ፣ «የፓርኩ ታሪክ» ከማለት ይልቅ «ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ለመውጣት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል» የሚል ርዕስ ቢሰጠው፣ ጥበቃው ቢላላ የሚከፈለውን ዋጋ አባላቱ ወዲያውኑ ይረዳሉ። የልቅ ግጦሽና የዋልያ ቆጠራ ዝርዝር አኃዞች በወረቀት ታትመው ቢታደሉ ይበቃል።

የአማርኛ ፊደል የራሱን ጥንቃቄ ይሻል። «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው አነስተኛ ቅጥያ በመሆኑ፣ ፊደሉ ሲያንስ ወይም ጥላ ሲጨመርበት ልዩነቱ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ይጠፋል። ስለሆነም ከ24 ነጥብ ያላነሰ መጠን መጠቀም፣ በመስኮት ብርሃን በሚገባበት አዳራሽም በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ማድረግ ይመከራል።

ሌላው ተደጋጋሚ እንቅፋት በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር የተዘጋጀው ጽሑፍ በፍላሽ ተወስዶ በሌላ ቦታ ሲከፈት ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች መለወጡ ነው። ምክንያቱ ቀደምት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ይመዘግቡ ስለነበር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለያ ስላገኘ፣ በዩኒኮድ መጻፍና አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ መያዝ ችግሩን በእጅጉ ያቃልለዋል። መብራት ቢቋረጥ ስብሰባው እንዳይበተንም ዋና ዋና ነጥቦችን በአንድ ገጽ አትሞ መያዝ ብልህነት ነው።

አቅራቢው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ተሰብሳቢው በምን ላይ እንዲወስን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ ይገባል። ያን ዓረፍተ ነገር የማያግዝ ስላይድ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከገለጻው ቢወጣ ጉዳት የለውም።