ከራስ ጉዳት በኋላ የተበተነን ሐሳብ ስለ መሰብሰብ

በሐዋሳ ከተማ ጉዱማሌን የማያውቅ ከመካከላችሁ አይኖርም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፥ በፊቼ ጫምባላላ፥ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፥ የቄጣላውም ዜማ ሜዳውን ይሞላዋል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ለጤነኛ ሰው ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን ለተመታ ሰው፥ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ፥ ያው ሜዳ ጭንቅ ሊሆንበት ይችላል። ዜማውን ሲያዳምጥ የዘመዱ ንግግር ያመልጠዋል፤ ዘመዱን ሲያዳምጥ የሚረግጠውን ይስታል።

ቤተ ሰቡ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይሳሳታል። «እጁ ደኅና፥ እግሩ ደኅና፥ አንደበቱም ደኅና፤ እንግዲህ ይህ ስንፍና ነው» ይባላል። ስንፍና አይደለም። ራስ በኀይል ሲመታ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል፤ በተለይም የግንባሩ ክፍልና የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይጎዳሉ። ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ለማጽናትና ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር እነዚህ ያስፈልጋሉ። ደግሞም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የምንሠራ ሲመስለን አንጎላችን አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል በፍጥነት ይመላለሳል። በተጎዳው ሰው ዘንድ ይህ ምልልስ ይዘገያል፥ ፈጥኖም ያደክመዋል።

ልምምዱ ከጸጥታ ይጀመር። ሬድዮው ይዘጋ፤ ሕመምተኛው ቡና ሲቆላ ቡናውን ብቻ ይመልከት፥ ከእሳቱም አጠገብ ረዳት አይለየው። ይህ ሲሳካ አንድ ሰው በቀስታ ያጫውተው። መልሱ ሲዘገይ ወይም ቡናው ሲያር ሸክሙ በዝቷልና ወደ ቀድሞው ይመለሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራሳቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ያከመው የሶቪየቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ፥ ሰው ንግግሩን ለሥራው መሪ ሊያደርገው እንደሚችል አስተምሯል፤ ስለዚህ «አሁን እቆላለሁ፥ ቀጥሎ እወቅጣለሁ» እያሉ ድምፅን ከፍ አድርጎ መሥራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አካሄዱ ከጸና በኋላ በዓል በሌለበት ቀን ወደ ጉዱማሌ ይውሰዱት። አስቀድሞ ዝም ብሎ ይራመድ፤ ቀጥሎ እየተራመደ ከ100 ወደ ታች ይቍጠር ወይም የዘመዶቹን ስም ይጥራ። ከሐይቁ ጠርዝና ባጃጅ ከሚመላለስበት መንገድ ግን ይራቅ። በስልክ ጨዋታ ብቻ ሐሳብ ይመለሳል የሚሉትን አንቀበልም፤ ሰው በተለማመደው ጨዋታ ይበረታል እንጂ ያ ብርታት ወደ ኑሮው ሥራ እምብዛም አይሻገርም። ስለዚህ የሚፈልገውን ሥራ ራሱን ይለማመድ፥ በየመካከሉም ሳይደክመው ይረፍ። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ሐኪም ሳይፈቅድለት መሪ አይጨብጥ። የራስ ምታቱ ቢብስ፥ ቢያስመልሰው፥ ቢያንቀጠቅጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

በመጪው ፊቼም ከቤት አያስቀሩት። ሕዝቡ ሳይበዛ በማለዳ ያምጡት፥ ከሜዳው ዳር በዛፍ ጥላ ያስቀምጡት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያነጋግረው። ሌላው ዘመድ ሰላምታውን በተራው ያቅርብ፤ «እንሂድ» ሲልም ወዲያው ይነሡለት።