ዋሻውም ይመሰክራል

የላስታ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! የጠፋች ላም የምትገኘው ዱካዋን በመከተል ነው አይደል? ዱካውን መንጋ ከረገጠው ግን ፍለጋው ከንቱ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ስለ ተወው የግፍ ዱካ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ብዙ ሰው እየተለቀመ በሶማሊያ ባሕር ዳር ወዳለው የዳናኔ እስር ቤት ተጋዘ። በቀይ ባሕር የምትገኘው የኖክራ ደሴትም እስር ቤት ነበረች። ደገኛው በሐሩር፣ በረኃብና በመጥፎ ውሃ አለቀ። ዳናኔ ታስሮ የነበረ ሰው በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ ሞተዋል። በእኛም በኩል የዋግና የላስታን ዐመፅ የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ታየ።

ታዲያ ሕዝቡ የት ይሽሽ? ዋሻ ገባ። በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባል ቦታ አርበኞች ሚስትና ልጆቻቸውን፣ ሽማግሌዎቻቸውንና ቁስለኞቻቸውን ይዘው ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን የሰጡትን ወንዶችም ረሸናቸው።

ከአካባቢው ሰው በቀር ይህን የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ መዝገብ ቤት ያገኘውን ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ መጣ። ከዚያም የኢትዮጵያና የስፔን የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን አጠኑ። የሰው አፅም፣ የሸክላ ስባሪ፣ ቅርጫት፣ የጥይት ቀለህ አገኙ። ሸክላውና ቅርጫቱ፣ እንደ እኛው ያሉ ገበሬዎች ጓዳቸውን ይዘው እንደ ገቡ ይመሰክራል። ቀለህ የወደቀበት ቦታ ደግሞ ማን ከየት እንደ ተኮሰ ይናገራል። አንሥተን ቤት ከወሰድነው ግን ቁራጭ ናስ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ከገደል ሥር ያገኘሁትን ቀለህ ፉጨት አድርጌበታለሁ። የት እንዳነሣሁት ብጠየቅ ዛሬ አላውቅም። ያ ዱካ በእኔው እጅ ጠፋ።

ስለዚህ አደራ! በዋሻ ወይም በእርሻ አፅም፣ ቀለህ፣ የምሽግ ካብ ብታገኙ ሳትነኩ ለቀበሌው ንገሩ። ያልፈነዳ ቦምብ ከሆነማ ከብትም ልጅም አይጠጋው፤ ዛሬም ይገድላል።

ሌላም ሥራ አለ። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ማን ተወሰደ? ማን ሳይመለስ ቀረ? ስሙን ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ ጻፉት። ገዳዮቹ የራሳቸውን ጽፈው አስቀምጠዋል። የእኛን የሚጽፍልን ከእኛ ሌላ ማን አለ?